ኮናንን የፈጠረው ወጣት እና ስሙን ያልጣሉት አድናቂዎቹ

«ኮናን ዘ ባርባሪያን»ን ታውቁታላችሁ አይደል? አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ጸጉሩን አስረዝሞ፣ ትልቅ ሰይፍ ይዞ የሠራው የ1982 ፊልም ነው። ያላያችሁት ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ጌሙን ስትጫወቱ ያመሻችሁም አትጠፉም።

ኮናንን ግን ሆሊውድ አልፈጠረውም። ከፊልሙ 50 ዓመት በፊት ቴክሳስ ውስጥ፣ ክሮስ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከእናትና አባቱ ጋር የሚኖር የ26 ዓመት ወጣት ነው የጻፈው። ስሙ ሮበርት ኧርቪን ሃዋርድ ይባላል። ዛሬ የእሱን ታሪክ እናውጋችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ያስቀመጥናቸው።

ሃዋርድ ጥር 22 ቀን 1906 ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነው የሚሠራው። ቤተሰቡ ክሮስ ፕሌይንስ የገባው በ1919 ነው። እናቱ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ነበረች፣ ልጇ እሷን እያስታመመ አደገ። ገና በ15 ዓመቱ ለመጽሔቶች ጽሑፍ መላክ ጀመረ። መልሱ ለዓመታት አንድ ዓይነት ነው፦ አይሆንም። በ1924፣ በ18 ዓመቱ፣ «ዊርድ ቴልስ» የተባለው መጽሔት አንድ አጭር ልብወለድ ተቀበለው። ክፍያው 16 ዶላር ነበር፣ እሱም የመጣው ጽሑፉ በ1925 ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው።

እነዚህ መጽሔቶች «ፐልፕ» ነው የሚባሉት፤ ስማቸውን ያገኙት ከሚታተሙበት ርካሽ ወረቀት ነው። ሽፋናቸው ደማቅ ሥዕል፣ ውስጣቸው መርማሪ፣ ከብት ጠባቂ፣ ጭራቅ፣ ቦክሰኛ። አንባቢ ገዝቶ፣ አንብቦ ይጥላቸዋል። ደራሲው የሚከፈለው በቃል ቆጠራ ሲሆን፣ ሃዋርድ ሲጀምር የአንድ ቃል ዋጋ ግማሽ ሳንቲም ነበር። እንጀራ ለመብላት ምን ያህል መጻፍ እንዳለበት እናንተው አስሉት።

እሱም ጻፈ። ታይፕ እያደረገ ታሪኩን ጮክ ብሎ ይናገረው ስለነበር ጎረቤት ሳይቀር ይሰማው ነበር። የከተማው ሰው ትንሽ ነካ ያደርገዋል ብሎ ያስብ ነበር፤ ጎረምሳ ልጅ ቤት ተቀምጦ ተረት ሲጽፍ ማን እንደ ሥራ ይቆጥርለታል? የቦክሰኛ ታሪክ ጻፈ፣ የከብት ጠባቂ ቀልድ ጻፈ፣ ግጥምም ጻፈ። ኮናን ራሱ የመጣው ከወደቀ ጽሑፍ ነው፤ ኩል ስለሚባል ንጉሥ ጽፎት ያልተቀበሉትን ታሪክ አውጥቶ እንደገና ሠራው፣ ንጉሡንም ኮናን አለው። ታኅሣሥ 1932 ላይ ታተመ።

ታሪኩ ተወደደ፣ ገንዘቡ ግን በሰዓቱ አይመጣም። በ1935 «ዊርድ ቴልስ» ከ800 ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። የእናቱ ሕመም እየባሰ፣ የሕክምናው ወጪ እየከበደ በሄደበት ጊዜ ማለት ነው። ሰኔ 11 ቀን 1936 እናቱ ራሷን በሳተችበት፣ ከእንግዲህ እንደማትነቃ በተነገረው ጠዋት፣ ሃዋርድ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። 30 ዓመቱ ነበር። ዝርዝሩን እዚህ አንጽፈውም። እናቱ በማግስቱ አረፈች፣ ሁለቱም አንድ ላይ ተቀበሩ።

በሕይወቱ እያለ በስሙ አንድም መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ አልታተመለትም። ጽሑፎቹ ያሉት ሰው አንብቦ በሚጥላቸው መጽሔቶች ውስጥ ነው። በተለመደው አካሄድ ታሪኩ እዚህ ያልቃል።

ያላለቀው በአድናቂዎቹ ምክንያት ነው። ያኔ «ፋንዚን» የሚባል ነገር ነበር፤ አድናቂዎች ራሳቸው ጽፈው፣ አባዝተው፣ በፖስታ የሚላላኩት ትንሽ መጽሔት። ዛሬ ላይ የቴሌግራም ቻናል እንደማለት ነው፣ ልዩነቱ ወረቀቱም ስቴንስሉም ቴምብሩም ከኪስ መውጣቱ ነው። ሃዋርድ ራሱ አይንቃቸውም ነበር። «ዊርድ ቴልስ» አልፈልግም ያለውን አንድ የኮናን ታሪክ የጀግናውን ስም ቀይሮ በነጻ ለ«ዘ ፋንታሲ ፋን» ሰጠ፤ መጋቢት 1934 ላይ ወጣ። ሁለት አንባቢዎች ደግሞ የኮናንን ዕድሜና ጉዞ ከየታሪኩ ለቅመው በቅደም ተከተል አስቀምጠው ላኩለት። እሱም አርሞ፣ በእጁ ካርታ ስሎ መለሰላቸው። ይሄ የሆነው ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው ነው።

በ1956 «አምራ» የተባለ ፋንዚን ተጀመረ። አምራ ኮናን ከባሕር ወንበዴዎች ጋር ሲዞር የሚጠራበት ስም ነው (በእኛ ጆሮ ቆንጅዬ ልጅ ትመስላለች፣ ታሪኩ ውስጥ ግን ትርጉሙ አንበሳ ነው)። «አምራ» ለምርጥ ፋንዚን የሚሰጠውን የሂዩጎ ሽልማት በ1964 እና በ1968 ወስዷል። ሃዋርድ የሚጽፈው ዓይነት ታሪክ ምን ተብሎ ይጠራ የሚለው ጥያቄም የተነሳው እዚያው ላይ ነው። ደራሲው ፍሪትዝ ላይበር በ1961 «ሰይፍና አስማት» ይባል አለ፣ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

ከሁሉም ግን እኛን የገረመን ግሌን ሎርድ ነው። ይሄ የቴክሳስ ሰው ሃዋርድን በአካል አያውቀውም። የሃዋርድን ግጥሞች ሰብስቦ በ1957 በመጽሐፍ እንዲወጡ አደረገ። ከ1961 እስከ 1973 «ዘ ሃዋርድ ኮሌክተር» የተባለውን መጽሔት 18 ጊዜ አሳተመ። ከሃዋርድ ሞት በኋላ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የኖረ ሳጥን ነበር፣ በታይፕ የተጻፉ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች የያዘ። ሎርድ ደብዳቤ እየጻፈ፣ እያጠያየቀ በ1960ዎቹ አጋማሽ አገኘው። ያልታተሙ ታሪኮች፣ ያላለቁ ረቂቆች፣ ደብዳቤዎች። ይሄ ሰው ባይኖር ስለ ሃዋርድ ዛሬ የምናውቀው ከግማሽ በታች ይሆን ነበር ብንል ብዙም አልተጋነንም።

አድናቂዎቹ ግን ሁሌ አይስማሙም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ኮናን በመጽሐፍ ሲወጣ ሌሎች ደራሲዎች ጽሑፉን ነካክተውት፣ የራሳቸውንም ታሪክ ጨምረውበት ነበር። ከአድናቂዎቹ ብዙዎቹ ይሄን አልተቀበሉም፤ የምንፈልገው ሃዋርድ የጻፈውን ነው ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። በመጨረሻ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፓትሪስ ሉዊኔ የተባለ ፈረንሳዊ አድናቂና ተመራማሪ ከዋናዎቹ ቅጂዎች ጋር አመሳክሮ የኮናንን ታሪኮች አዘጋጀ። ሥራው በፖስታ ከሚዞር ፋንዚን ሆኖ የጀመረ ክርክር ውጤት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንነግራችሁ አናልፍም። ሃዋርድ በታሪኮቹ ውስጥ ኩሽና ፑንት የሚሉ ስሞችን ከእኛው አካባቢ ጥንታዊ ታሪክ ወስዶ ተጠቅሟል። እዚያ ያስቀመጣቸውን ጥቁር ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚስላቸው እንደ አውሬ አድርጎ ነው። በዘመኑና በአገሩ የነበረ ዘረኝነት ነው፣ አላመለጠውም። ስታነቡት ያበሳጫችኋል፣ ቢያበሳጫችሁም ልክ ናችሁ።

ወደ ክሮስ ፕሌይንስ እንመለስ። በ1972 የተመሠረተ «ሬሁፓ» የሚባል የአድናቂዎች ማኅበር አለ። እያንዳንዱ አባል የጻፈውን አባዝቶ ለአንድ ሰው ይልካል፣ ያ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ጠርዞ ለሁሉም መልሶ ይልካል። በ1986፣ በሞተ በ50ኛ ዓመቱ፣ ከአባላቱ ጥቂቶቹ ተሰባስበው ከተማዋን ሊያዩ ሄዱ። በዚያው ዓመት የቀድሞ የፍቅር ጓደኛው፣ መምህርቷ ኖቫሊን ፕራይስ ኤሊስ፣ ስለ እሱ የጻፈችው ማስታወሻ ታተመ፤ በ1996 ፊልም ሆኗል፣ ሬኔ ዜልዌገር ናት የምትሠራው፣ እዩት።

በ1989 የከተማዋ ሰዎች ቤቱን ገዝተው አደሱት፣ አሁን ሙዚየም ነው። 1,000 ሰው የማይሞላት ከተማ ውስጥ «ሃዋርድ ዴይስ» የሚባል የአድናቂዎች ጉባኤ በየዓመቱ ይካሄዳል። ቀን ቀን ውይይት አለ፣ በአውቶቡስ ከተማዋን ያስጎበኛሉ፣ ማታ ማታ ግጥሞቹ ይነበባሉ። ሰው የሚሰለፈው ግን የሚጽፍባትን ክፍል ለማየት ነው፤ በረንዳ ተከልሎ የተሠራች፣ አልጋና ጠረጴዛ ከገባ ሰው ማዞሪያ የማይኖራት ጠባብ ክፍል ናት።

ታኅሣሥ 27 ቀን 2005 በነፋስ የተገፋ የሣር ቃጠሎ ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ከ100 በላይ ቤቶችን አወደመ፣ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። የሃዋርድ ቤት ተረፈ። በቀጣዩ ሰኔ አድናቂዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ።