ቍጥርን ጠበቃ ያደረገች አስታማሚ

የፍሎሬንስ ናይቲንጌልን ስም ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃት በሌሊት ፋኖስ ይዛ በቍስለኞች አልጋ መካከል ስትዘዋወር ነው። በዛሬው እሑድ ልናወሳ የፈለግነው ግን በፋኖስ ሳይሆን በወረቀትና በቀለም የሠራችውን ሥራ ነው።

ናይቲንጌል በ1820 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ተወለደች። በዚያን ዘመን ሕመምተኛን ማስታመም ለጨዋ ልጅ የሚያሳፍር ሥራ ይባል ስለ ነበረ ቤተ ሰቦቿ ብዙ ዓመት ከለከሏት። እርስዋ ግን አሳቧን ሳትለውጥ በ1851 ወደ ጀርመን አገር ሄዳ ሙያውን ተማረች።

የክሪሚያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በ1854፣ 38 ሴቶች አስከትላ በቱርክ አገር ስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ገባች። በዚያም ወታደሩን ይፈጀው የነበረው ከጥይት ይልቅ ኮሌራ፣ ተስቦና ተቅማጥ ነበር። በ1855 በፌብሩዋሪ ወር ከሕመምተኞቹ ከመቶው 42 ያህሉ ሞቱ። በማርች ከሎንዶን የተላከ ኮሚሲዮን የቆሻሻ መውረጃውን ቦይ አስጠርጎ፣ ንጹሕ አየርም እንዲገባ ካደረገ በኋላ፣ በጁን የሟቹ ቍጥር ከመቶ ወደ 2 ወረደ።

በ1856 አገርዋ ስትገባ ሕዝቡ በእልልታ ሊቀበላት ቢጠብቅም እርስዋ በስውር ገባች። ከዚያም ዊልያም ፋር ከተባለው የቍጥር ሊቅ ጋር ሆና የሞቱትን ወታደሮች መዝገብ ትመረምር ጀመር። ያገኙትም ነገር መራራ ነበር። አስቀድማ ወታደሮቹን የገደላቸው የምግብ ማነስና ድካም ይመስላት ነበር፤ ቍጥሩ ግን ብዙዎቹን የገደላቸው እርስዋ ራስዋ ሌት ተቀን የደከመችበት ሆስፒታል ርኵሰት መሆኑን አሳየ። ይህንን ሳትደብቅ ጻፈችው። በሰላም ጊዜ እንኳ በእንግሊዝ ካምፕ የሚኖር ወጣት ወታደር ከእኩዮቹ ሲቪሎች በእጥፍ ያህል እንደሚሞት ገለጸች። ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ የሌላቸው ሹማምንት ባንድ እይታ እንዲረዱትም፣ የሟቹን ቍጥር በክብ ሥዕል በየቀለሙ ለይታ አቀረበችው።

ስለዚህም የወታደሩ ካምፖች ታደሱ፤ በ1860 የጦር ሐኪሞች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው ዓመት የነርሶች ትምህርት ቤቷም በሎንዶን ሥራ ጀመረ። ናይቲንጌል አብዛኛውን ሥራዋን በሕመም አልጋ ላይ ሆና ፈጽማ በ1910 በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

እኛ ዛሬ ተማሪዎች፣ ነገ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የምንሆን ሁሉ ከእርስዋ የምንማረው ይህን ነው፤ በጎ አሳብ ብቻውን ሕመምተኛን አያድንም። ሥራችን የደረሰበትን ፍሬ በእውነት መቍጠር፣ ቍጥሩ ራሳችንን ቢወቅሰን እንኳ ሳንሸሽግ ለሚያዝዘው ባለሥልጣን ማቅረብ ይገባናል።