እቴጌ ምንትዋብ በቍስቋም

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ያደገ ሰው የሴት አያትን ሥራ ያውቃል። ሕፃን በውርጭ ሌሊት የሚተኛው በአያቱ ዝተት ውስጥ ነው፤ ፊደል ሳይቈጥር የዘሩን ሐረግና የጾሙን ወራት የሚማረው ከእርስዋ አፍ ነው። ወንድማማች በርስት ቢጣላም ነገሩ ወደ ዳኛ ሳይወጣ አስቀድሞ በእርስዋ ምድጃ ዳር ይታያል። እንግዲህ በአገራችን አያት የሆነች ሴት መካሪ ናት። ነገር ግን የምትመክራቸውና የምታስታርቃቸው የገዛ ልጆችዋና የልጅ ልጆችዋ ሲሆኑ ፍቅርዋ ምክርዋን ወዴት ያዘነብለው ይሆን? ይህ ፈተና በጎጆ ውስጥ ሳይሆን በመንግሥት ቤት የደረሰባቸውን የእቴጌ ምንትዋብን ሕይወት ለአንባቢ ልነግር ወድጃለሁ።

ታሪኩ የጎንደር ነው፤ ሆኖም ለመንዝ ሰው እንግዳ አገር አይደለም። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ከአጋንቻ ተነሥተው ወደ ታላቁ ኢያሱ ዙፋን ሄደው በዚያው በጎንደር በፈንጣጣ እንደ ሞቱ ይተረካል። ይህ ክፉ በሽታ በታሪካችን መጨረሻ ደግሞ ይመጣልና አንባቢ ሆይ፥ አስበው።

ምንትዋብ የቋራ ሰው ነበሩ፤ የጥምቀት ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የኢያሱ ልጅ ዐፄ በካፋ አገቡአቸው። በካፋ በ1723 ዓመተ ምሕረት ሲሞቱ (ዓመቱን ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ እናቲቱ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። በሁለተኛው ዓመት ዐመፀኞች ቤተ መንግሥቱን ከበቡት፤ ከየአገሩ የመጣ ሠራዊት እስኪደርስላቸው ድረስም በግንቡ ውስጥ ጸንተው ቈዩ። ከጎንደር ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን፥ በጣና ባሕር ላይም የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ኢያሱ ግን ባደገ ጊዜ ከመንግሥት ሥራ ይልቅ አደንና ደስታን የሚወድ ሆነ፤ ሸክሙም በእናቱ ጫንቃ ላይ ቀረ።

እቴጌይቱ ለልጃቸው ሚስት የመረጡለት ውቢት የተባለችውን የኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበረ። ብርቱ ወገን ያላትን ሴት ማግባት ዙፋኑን ያጸናል ብለው አስበው ነበርና ምክሩ የአስተዋይ ምክር ነበረ። ኢያሱ በ1747 ዓመተ ምሕረት ሲሞት ከውቢት የተወለደው ሕፃን ኢዮአስ ነገሠ። አያትም ቀድሞ ለልጃቸው ያደረጉትን ለልጅ ልጃቸው ሊያደርጉ ተነሡ።

አሁን ግን በአንድ ሕፃን ላይ ሁለት እናቶች ሆኑ። በአያቲቱ በኩል የቋራ ዘመዶች ቆሙ፤ ከእነርሱም ዋናው የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ነበሩ። በእናቲቱ በኩል ደግሞ የኦሮሞ ዘመዶችዋ ቆሙ። ሁለቱም ወገን ንጉሡን ይወድ ነበር፤ ሁለቱም ስለ እርሱ ደኅንነት ሲል ሹመቱን ሁሉ ለወገኑ ይሻ ነበር። ራስ ወልደ ልዑል በ1759 ዓመተ ምሕረት ሲሞቱ ልጓሙ ተበጠሰ። አያቲቱ ከቋራ ሠራዊት አስመጡ፤ እናቲቱም የወገኖችዋን ጭፍራ ጠራች። ያን ጊዜ የትግሬው ገዥ ሚካኤል ስሑል በመካከል ገብተው ነገሩን እንዲያበርዱ ተጠሩ፤ በዚህም ጥሪ የእቴጌይቱ ፈቃድ ነበረበት። ሚካኤል ብዙ ነፍጥ የታጠቀ ሠራዊት አስከትለው ጎንደር ገቡ፤ ዳኛ እንዲሆኑ የተጠሩትም ሰው ጌታ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የሆነ ነው። እቴጌይቱ ከበካፋ ሞት በኋላ ከወለዱአቸው ሴቶች ልጆች አንዲቱ ወይዘሮ አስቴር ነበረች፤ ባልዋም የበጌምድር ገዥ ማርያም ባርያ ነበረ። ንጉሥ ኢዮአስ ይህን ሹመት ለእናቱ ወንድም ሰጠ። ማርያም ባርያ አልለቀቀም፤ ተዋጉ፤ የንጉሡም አጎት ሞተ። ንጉሡ ሚካኤልን ይዞ ዘመተ፤ ማርያም ባርያም ተሸንፎ ተገደለ። የልጅ ልጅ የአክስቱን ቤት አፈረሰ፤ አያትም በሁለቱ መካከል ቆመው አለቀሱ። ጥቂት ሳይቈይ ንጉሡና ሚካኤል ተጣልተው በአዘዞ ተዋጉ፤ በ1761 ዓመተ ምሕረት በግንቦት ወር ወጣቱ ኢዮአስ በጨርቅ ታንቆ ተገደለ። መበለቲቱ አስቴርም ሚካኤልን አገባች። እንዲህም የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው ሰው የልጃቸው ባል ሆነ።

ብዙ ሰዎች በዚህ ነገር ውቢትን ብቻ ይከስሳሉ፤ የባዕድ ወገን ናት ብለው ነው። ለእኔ ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ውቢትን ወደ ቤቱ ያመጡ እቴጌይቱ ናቸው፤ የቋራን ሰዎች በሹመት ላይ ሹመት የጨመሩላቸውም እርሳቸው ናቸው። የአያትነታቸውን ፍቅር አልነቅፍም፤ እንዲህ ያለ ፍቅር በዙፋን ዙሪያ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሕፃኑን ከእናቱ ወገን ሊጠብቁት እንጂ ከእናቱ ጋር ሊያሳድጉት አልወደዱም።

እቴጌይቱ ኢዮአስን በአባቱ አጠገብ ቀበሩት፤ ከዚያም ወዲያ በጎንደር ቤተ መንግሥት መኖርን ትተው በቍስቋም ተቀመጡ። ከመንግሥት ነገር ጨርሰው ራቁ ማለት አይደለም፤ የመሳፍንቱ ጠብ እስከ ደጃቸው ይከተላቸው ነበርና። ይልቁንም ዕለት ዕለት የሚያሳስባቸው የቀሩት ልጆች ነገር ሆነ።

በ1762 ዓመተ ምሕረት በየካቲት ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ሲደርስ በቍስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ከታመሙት መካከል የአስቴር ልጅ ክንፉ ነበረ። ብሩስ የተዘጉትን በሮችና መስኮቶች አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በኮምጣጤም አሳጠበ። እርስዋም ብዙ ነገሥታት ያዩ እቴጌ የእንግዳውን ሥርዓት ፈቅደው ቤታቸውን ለነፋስ ከፈቱ። ከታመሙት አንዳንዶቹ ሞቱ፤ ክንፉ ግን ዳነ። ያን ቀን በአያቲቱ ልብ የነበረውን ደስታ፥ አንድ የልጅ ልጅ ቀብራ ሌላውን ከሞት የተቀበለች ሴት ታውቀዋለች።

እንግዳው ከኢየሩሳሌም በኩል እንደ መጣ በሰሙ ጊዜ ስለ ቅዱሳት ቦታዎች አጥብቀው ጠየቁት። እርሱ የዓባይን ምንጭ ለማየት መምጣቱን ሲነግራቸውም ተደነቁ። እርሱ ያን አገር ትቶ ውኃና ረግረግ ሊያይ ይደክማል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን የተቀመጡት እርሳቸው ግን ሁሉን ትተው በኢየሩሳሌም በቅዱስ መቃብር ደጅ እየለመኑ ለመኖር ሌሊትና ቀን ይመኙ ነበር። ኢየሩሳሌምን አላዩም።

ብሩስ በ1764 ዓመተ ምሕረት ከጎንደር ወጣ፤ እቴጌ ምንትዋብም በ1765 ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር ዐረፉ። ቍስቋምን በ1880 ዓመተ ምሕረት ደርቡሾች አቃጠሉት፤ በኋላም ቤተ ክርስቲያኑ ዳግመኛ ተሠራ። የአያቲቱ፥ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም በዚያ በአንድነት ተቀምጦ ይገኛል።