የባንኮቹን ብድር የተቃወሙት እንደራሴ

ዝናብ ቀርቶ ሰብሉ ቢጠፋ የገበሬው ኪሳራ የራሱ የገበሬው ነው። ባንክ ያበደረው ገንዘብ ሳይመለስለት ሲቀርስ ኪሳራውን ማን ይሸከም? ይህን ጥያቄ እ.አ.አ በ1932 በአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አጥብቀው ካነሡት አንዱ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ናቸው።

ላጓርዲያ እ.አ.አ በ1882 በኒውዮርክ ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ መሪ ስለነበሩ የልጅነት ዕድሜያቸውን በአሪዞና የጦር ሰፈር አሳለፉ። ወደ ኒውዮርክ ሲመለሱ በመርከብ ለሚደርሱ ስደተኞች በአስተርጓሚነት እያገለገሉ ሕግ ተማሩ፤ ኋላም የከተማዋን ድሆች ወክለው ምክር ቤት ገቡ።

የከተማ ሰው ቢሆኑም የገበሬው ድካም ይገባቸው ነበር። ሥጋ በተወደደ ጊዜ በምክር ቤቱ ፊት ከኪሳቸው የበግ ሥጋ ቁራጭ አውጥተው አሳዩ። ሸማቹ ብዙ ሲከፍል ከብት አርቢው ጥቂት እንደሚያገኝ በማመልከት በመካከል የሚያተርፉትን ኩባንያዎች ወቀሱ።

እ.አ.አ በ1929 የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። በ1931 ብቻ ከ2,000 በላይ ባንኮች ተዘጉ፤ የብዙ አስቀማጮች ጥሪትም አብሮ ጠፋ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ለባንኮች፣ ለኢንሹራንስና ለባቡር ኩባንያዎች የሚያበድር መሥሪያ ቤት በ500 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ካፒታል እንዲቋቋም ጠየቁ። የመንግሥት መከራከሪያ ባንኩ ከወደቀ አስቀማጩም፣ ነጋዴውም፣ ገበሬውም አብረው ይወድቃሉ የሚል ነበር።

ላጓርዲያ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አባል ቢሆኑም ሐሳቡን ተቃወሙ። ለሥራ አጡ ቀጥተኛ እርዳታ የነፈገ መንግሥት ለባለጸጎች እጁን መዘርጋቱ ፍትሕ እንዳልሆነ ተከራከሩ። ድምፃቸው ግን አነስተኛ ነበር፤ ሕጉ በጥር ወር 1932 ጸደቀ።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቻርልስ ዳውስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወዲያውም እርሳቸው ይመሩት ለነበረ የቺካጎ ባንክ 90 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ። ነገሩ ሕዝቡን አስቆጣ። በሐምሌ ወር የወጣው ሕግ ተበዳሪዎቹ ለምክር ቤቱ እንዲገለጹ አስገደደ፤ ክፍላተ ግዛቶችም ችግረኞችን የሚረዱበት 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ይሁንና ብድሩ ባንኮቹን አላዳናቸውም፤ በመጋቢት ወር 1933 የአገሪቱ ባንኮች ሁሉ ለቀናት ተዘጉ።

ላጓርዲያ በ1932 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። ከ1934 እስከ 1945 ግን በከንቲባነት ኒውዮርክን አስተዳደሩ። በ1946 ደግሞ ኢትዮጵያም አባል የነበረችበትን፣ በጦርነት ለተጎዱ አገሮች ምግብና ዘር ያከፋፍል የነበረውን የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት መሩ።

እ.አ.አ በ1947 ሲያርፉ ለቤተሰባቸው የተዉት ቤት የባንክ ዕዳው ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር።