የአባ እስጢፋኖስ ሕይወትና ሥራ

ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለዞን ጉዳይ፣ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ነው። የከተማይቱ ስም ከየት እንደ መጣ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። ስሙን ያወጡላት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሆናቸውን፣ ከሰማይም ብርሃን ታይቶ እንደ ነበር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ብርሃኑ ከመታየቱ 38 ቀን በፊት በዚያ ስፍራ ምን እንደ ተደረገ የሚነግረን ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የማርቲን ሉተርን ታሪክ ከነዓመተ ምሕረቱ በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ከሉተር በፊት በገዛ አገሬ ስለ ተነሡት መነኵሴ ግን አንድ መስመር እንኳ አላውቅም ነበር። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የእኒህን አባት ታሪክ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ለማቅረብ አስቤአለሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አባ እስጢፋኖስ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በትግራይ፣ በአጋሜ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው ወደ ሽሬ ሄዱና በአባ ሳሙኤል ዘቆየጻ ገዳም መነኰሱ። በዚያ ዘመን ብዙ ገዳማት ከነገሥታት ርስትና ጉልት እየተቀበሉ ባለጸጎች ሆነው ነበር፤ ከመነኰሳቱም ወገን ወደ ቤተ መንግሥት መመላለስ የለመዱ ነበሩ። አባ እስጢፋኖስ ይህን አልወደዱም። መነኵሴ በላቡ ሠርቶ መብላት፣ የተረፈውን ለድኻ መስጠት፣ የግል ገንዘብም አለመያዝ አለበት ብለው አስተማሩ። ከንጉሥ የሚመጣ ስጦታ የንጉሥን ትእዛዝ አስከትሎ እንደሚመጣ የገባቸው ይመስለኛል። ወንዶችም ሴቶችም ተከተሏቸው፤ እነዚህም ደቂቀ እስጢፋኖስ ይባላሉ። ትምህርታቸው የከበዳቸው ሌሎች መነኰሳት ግን ተቃወሟቸው፤ ከሰሷቸውም።

ነገሩ ከገዳም ጠብ አልፎ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በስግደት ምክንያት ነው። አባ እስጢፋኖስ ስግደት የሚገባው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው የሚል አቋም ያዙ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በቀረቡ ጊዜም ለንጉሡ መስገድ እንቢ አሉ። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም አልሰግድም ብለዋል ተብለው ተከሰሱ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት የተለያዩ ናቸው ብለው እንደሚያስተምሩ የታወቀ ነው፤ አባ እስጢፋኖስ ግን ከያዙት አልተመለሱም።

እዚህ ላይ ለንጉሡም ፍርድ እንዳናጓድል ያስፈልጋል። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጨካኝ ብቻ አልነበሩም። እንደ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ ያሉ መጻሕፍት በስማቸው የሚጠሩላቸው ሊቅ ነበሩ። በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው በሰንበት ነገር ለረጅም ዘመን ተለያይተው የነበሩትን ገዳማት አስታርቀዋል። የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዋል። ሰፊውን አገር በአንድ ሃይማኖት ሥርዐት ሊያስተሳስሩ ለሚደክሙ ንጉሥ፣ አልሰግድም የሚል አንድ መነኵሴ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሁለቱም አንዱን መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ ነበር፤ ጅራፉ ግን በአንደኛው እጅ ብቻ ነበረ።

አባ እስጢፋኖስ ተገርፈው ታሰሩ፤ ወደ 1444 ገደማም በእስር ቤት ሞቱ። ተከታዮቻቸው ፀረ ማርያም የሚል ስም ወጣባቸው፤ ይህ ስም በዚያ ዘመን ሰውን ለሞት የሚያበቃ ነበር።

ንጉሡ በሞታቸው ነገሩ ያልቃል ብለው ይሆናል፤ አላለቀም። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደቂቀ እስጢፋኖስ ዛሬ ደብረ ብርሃን በምትባለው ስፍራ በንጉሡ ፊት ቀርበው ተከራከሩ፤ እንዲሰግዱም ታዘዙ፤ እንቢ አሉ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ራሱ እንደሚናገረው አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቈረጠ፤ የካቲት 2 ቀንም በድንጋይ ተወገሩ። መጋቢት 10 ቀን፣ በመስቀል በዓል፣ ብርሃን በሰማይ ታየ። ንጉሡም ፈጣሪ በሥራዬ ደስ ተሰኝቷል ብለው በዚያ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠሩ። ይህን ታሪክ የጻፈው የንጉሡ ጸሐፊ እንጂ የተወገሩት ሰዎች ወዳጅ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ብርሃኑን የጻፈው እጅ ድንጋዩንም ጽፎታል።

አንዳንድ ሰዎች አባ እስጢፋኖስን የኢትዮጵያ ሉተር ይሏቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሉተር የተወለደው በ1483፣ ማለት አባ እስጢፋኖስ ከሞቱ 39 ዓመት ገደማ ቈይቶ ነው። በዘመን የሚቀርባቸው በ1415 በኮንስታንስ በእሳት የተቃጠለው የቦሄሚያው ያን ሁስ ነው። ከዘመኑም ይልቅ ነገሩ ይለያያል። ሉተር ቆቡን ጥሎ በ1525 አገባ፤ አባ እስጢፋኖስ ግን ምንኵስና እንዲጠብቅ እንጂ እንዲቀር አልፈለጉም። ሉተር ሰው በእምነት ብቻ ይጸድቃል አለ፤ አባ እስጢፋኖስ ጾምንና ሥራን አከበዱ። የሚመሳሰሉት ሁለቱም መጽሐፉን አንብበው ያመኑበትን ነገር በባለሥልጣን ፊት ቆመው አለመካዳቸው ነው። ሉተር ራሱ በ1534 በዊተንበርግ ሚካኤል ከሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጋር ተገናኝቶ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ተነጋግሯል፤ የሰማውንም አመስግኗል። ሚካኤል ስለ አባ እስጢፋኖስ ነግሮት ቢሆን ኖሮ ሉተር ምን ይል ነበር እያልሁ አስባለሁ።

ከሞት የተረፉት ደቂቀ እስጢፋኖስ እንደ አባ አበከረዙን ባሉ አባቶች እየተመሩ በአጋሜ በረሓ በጉንዳ ጉንዴ ሰፈሩ። በዚያም እያረሱ፣ ብራና እየፋቁ፣ መጻሕፍት እየጻፉ ኖሩ። የጉንዳ ጉንዴ የእጅ ጽሑፍና ሥዕል ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ በራሱ ስም የሚጠራ የጥበብ ዐይነት ነው፤ በገዳሙም ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ተገኝተዋል። ፀረ ማርያም ተብለው የተወገሩት ሰዎች ልጆች ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተሰየመው በማርያም ስም ነው፤ በመጻሕፍታቸውም የእመቤታችን ሥዕል ይገኛል። ከጊዜ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቀው አንድ ሆኑ።

የአባ እስጢፋኖስንና የተከታዮቻቸውን ገድል ለእኛ ያቀረበልን የሸንኮራ ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በደርግ ወታደሮች ተመትተው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በሚኒሶታ በሂል ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖሩ። የደቂቀ እስጢፋኖስንም ገድል ከግእዝ ወደ አማርኛ የመለሱት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። በ2021 ዐረፉ።