ሕዝብ የጎረፈለት፣ በመጨረሻም ብቻውን የቆመ ሰባኪ፦ ቻርልስ ስፐርጀን

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ እሑድ ጠዋት የቴምዝን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ለንደን ይተም ከነበረው ሕዝብ ብዙው የሚሄደው አንድን ሰው ለመስማት ነበር። ሰውየው ቻርልስ ሃደን ስፐርጀን ይባላል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም፤ ከመንግሥታዊቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም ሹመት አልተቀበለም። ሆኖም በዘመኑ በአገሩ የእርሱን ያህል አድማጭና አንባቢ ያፈራ ሰባኪ ማግኘት አዳጋች ነው። ዝናው በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም ዝናው ያስከፈለው ዋጋ እምብዛም አይነሳም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፐርጀን ጁን 19 ቀን 1834 በኤሴክስ ግዛት፣ ኬልቬደን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱም አያቱም ከመንግሥታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው የቆሙ ነጻ ጉባኤዎች አገልጋዮች ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ ስታምቦርን ወደምትገኘው የአያቱ ቤት ተልኮ ጥቂት ዓመታት በዚያ አደገ። በቤቱ ውስጥ አንዲት ጨለማ ክፍል ነበረች፤ መንግሥት በመስኮት ላይ ግብር ይጥል ስለነበር መስኮቷ ተደፍኗል። በውስጧ የቀደሙት የፒዩሪታን ሊቃውንት ድርሳናት ተከማችተው ነበር። ልጁ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያወጣ ያነብ ጀመር። የጆን በንያንን የመንፈሳዊ ተጓዥ ታሪክ በዕድሜው ከመቶ ጊዜ በላይ እንዳነበበው ይነገራል።

በጃንዋሪ 1850 አንድ እሑድ ኮልቸስተር ከተማ ውስጥ በረዶ መንገድ ዘግቶበት ወደ አንዲት ትንሽ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ገባ። መደበኛው ሰባኪ ስላልመጣ አንድ ያልተማረ ምእመን ተተክቶ ይናገር ነበር። ስፐርጀን የሃይማኖት ሕይወቱን መነሻ የሚቆጥረው ከዚያች ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ወር በላርክ ወንዝ ተጠመቀ፤ ባፕቲስቶች የሚያጠምቁት ሕፃንን ሳይሆን አምኖ የሚመሰክረውን ሰው ብቻ ነውና ከወላጆቹ ልማድ ተለየ ማለት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በካምብሪጅ አቅራቢያ የምትገኘው የዋተርቢች መንደር ጉባኤ ሰባኪ ሆነ።

ለትምህርት የነበረው ዕድል የተሰናከለበት አጋጣሚ የሚያስገርም ነው። የባፕቲስት ኮሌጅ ኃላፊ ሊያነጋግሩት በካምብሪጅ አንድ ቤት ቀጠሩት፤ የቤቱ ሠራተኛ ግን ወጣቱን በአንድ ክፍል፣ እንግዳውን በሌላ ክፍል አስቀምጣ ረሳቻቸው። ሁለቱም ጠብቀው ጠብቀው ሳይተያዩ ተለያዩ። ስፐርጀን ጉዳዩን እንደገና አላነሳውም። በ1854፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ የለንደኑ የኒው ፓርክ ስትሪት ጉባኤ መጋቢ አድርጎ ጠራው። ሺህ ሁለት መቶ ሰው የሚይዘው አዳራሽ የዚያን ጊዜ በአብዛኛው ባዶ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ቆሞ መስሚያ ቦታ እንኳ ጠፋ።

ቦታው ስለጠበበ ጉባኤው በሰሪ ጋርደንስ የሚገኘውን ሰፊ የሙዚቃ አዳራሽ ተከራየ። ኦክቶበር 19 ቀን 1856 ምሽት ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ውስጡን ሞላው፤ በውጭም ብዙ ሺህ ቀረ። ጸሎት እየተደረገ ሳለ ከሕዝቡ መካከል እሳት ተነሣ የሚል ጩኸት ተሰማ። እሳት አልነበረም። ሕዝቡ ግን ወደ በሩ ገነፈለ፤ የደረጃው መደገፊያ ተሰበረ፤ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ሃያ ስምንት ክፉኛ ቆሰሉ። ሰባኪው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ ባለቤቱ ሱዛና መንታ ወንዶች ልጆች ከወለደች አንድ ወር ቢሆናት ነው። ራሱን ስቶ በሰው ድጋፍ ወጣ፤ ለቀናት አእምሮው ይታወካል ተብሎ ተፈራ። አንዳንድ ጋዜጦችም አደጋውን የእርሱ ወንጀል አስመስለው ጻፉበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደ መድረኩ ቢመለስም፣ ግጥም ያለ ሕዝብ ባየ ቁጥር ልቡ መሸበሩ አልቀረም። በቀሪ ዘመኑ ሁሉ ያልተለየው ከባድ ድባቴ አንዱ ሥር ከዚያ ምሽት ይመዘዛል። ይህንንም አልደበቀም፤ ለተማሪዎቹ በሰጠው ትምህርት የመንፈስ ጭንቀት ለእምነት ሰው እንግዳ እንዳልሆነ በግልጽ አስተማረ። ያ ሐሳብ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት በክሪስታል ፓላስ 23,654 ሰው ፊት ሰበከ። ዕለቱ የሕንድ ወታደሮች በብሪታንያ አገዛዝ ላይ በማመፃቸው የታወጀ የጾም ቀን ነበር። ስፐርጀን በዚያ ንግግሩ የአገሩን በደሎች ቢዘረዝርም ዐመፀኞቹ እንዲቀጡ ጠየቀ፤ በዚህ ከዘመኑና ከግዛቱ አስተሳሰብ አልወጣም። በ1861 አምስት ሺህ ሰው የሚያስቀምጠው ሜትሮፖሊታን ታበርናክል ያለ አንዳች ዕዳ ተከፈተ። የሰባኪዎች ኮሌጁ ከዚያ ቀደም ብሎ ተቋቁሞ ነበር፤ አንዲት መበለት በሰጠችው ሃያ ሺህ ፓውንድ የተጀመረ የስቶክዌል የሙት ልጆች ማሳደጊያም ተከተለ። ከኮሌጁ ተማሪዎች አንዱ ቀድሞ በአሜሪካ ባሪያ የነበረው ቶማስ ጆንሰን ነው፤ ኋላ ወደ ካሜሩን ሄዷል። ሱዛና ብዙ ዘመኗን በሕመም ቤት ብትውልም ከ1875 ጀምሮ ለድሆች ሰባኪዎች መጽሐፍ የሚልክ ገንዘብ አቋቁማ ራሷ ታስተዳድር ነበር።

የስብከቱ ኅትመት በራሱ ትልቅ ሥራ ነበር። እሑድ የተናገረውን ፈጣን ጸሐፊዎች ይይዙታል፤ ሰኞ ያርመዋል፤ ሐሙስ በአንድ ፔኒ ይሸጣል። ብዙ ገዢ የነበረው አሜሪካ ነው። በዚያ ያሉ አሳታሚዎች ግን ባርነትን የሚነቅፈውን ቃል እየቆረጡ ያወጡ ኖሯል። በ1860 ይህ ሲነገረው፣ ባርነትን ነፍስን ከሚገድል ኃጢአት እንደሚቆጥርና ባሪያ ያለውን ሰው ከማዕዱ እንደማያቀርብ ለአሜሪካ ጋዜጦች ጻፈ። በደቡብ ግዛቶች መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠሉ፤ ሽያጩም አሽቆለቆለ። የኮሌጁ በጀት ከዚያ ገቢ ይደጎም ስለነበር ጉዳቱ ቀላል አልነበረም፤ ቃሉን ግን አላጠፈም።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን ከገዛ ወገኖቹ መጣ። በ1887 ወርኃዊ መጽሔቱ የመጽሐፍ ቅዱስን ሥልጣንና የክርስቶስን ቤዛነት የሚጠራጠር አዲስ ትምህርት በባፕቲስቶች መካከል እየገባ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ኅብረቱ የማያሻማ የእምነት መግለጫ እንዲያወጣ ቢሻም አልሆነም፤ በኦክቶበር ከባፕቲስት ኅብረት ወጣ። የኅብረቱ ምክር ቤት ነቀፈው፤ ስም ሳይጠራ ብዙዎችን ከሰሰ የሚል ቅሬታም ቀረበበት። ቅሬታው ፍጹም መሠረት አልነበረውም ማለት ይከብዳል፤ ስሞቹን ያልገለጸው በምስጢር የተነገረውን ላለማውጣት ነው የሚሉም አሉ። በኤፕሪል 1888 ጠቅላላ ጉባኤው የማስማሚያ ቃል በሁለት ሺህ ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወሙት ሰባት ብቻ ነበሩ። ውሳኔውን ከደገፉት መካከል የገዛ ወንድሙና የሥራ ረዳቱ ጄምስ ይገኝበታል። እርሱ ራሱ ካሠለጠናቸው ሰባኪዎችም ጥቂት የማይባሉት ተለዩት።

ሪህና የኩላሊት ሕመም አስቀድሞም ክረምቱን በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማንቶን እንዲያሳልፍ ያስገድዱት ነበር። ጃንዋሪ 31 ቀን 1892 በዚያው በሃምሳ ሰባት ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ ለንደን ሲገባ ብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ ተሰልፎ ተሰናበተው፤ በኖርዉድ መካነ መቃብርም ተቀበረ። ያልታተሙት ስብከቶቹ ግን ሳምንት በሳምንት መውጣታቸውን ቀጠሉ። በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወረቀት እጥረት እስኪያቆማቸው ድረስ ስልሳ ሦስት ቅጽ ሞልተው ነበር።