ካርል ትሮልና የአየር ፎቶግራፍ ንባብ

ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ በአንድ ጥብቅ ሥፍራ ምን እንደ በቀለ በራሱ አይናገርም፤ አንባቢ ይሻል። ይህን ለሙያችን በግልጽ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ካርል ትሮል ናቸው።

ትሮል የተወለዱት በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1899 በባቫሪያ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙት በዕፅዋት ጥናት ስለ ነበር፣ ወደ ጂኦግራፊ ሲሻገሩም ይህንኑ ዕውቀት ይዘው ተሻገሩ። ከ1926 እስከ 1929 በአንዲስ ተራሮች፣ ከ1933 እስከ 1934 ደግሞ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ተዘዋውረው ከፍታ፣ ዝናብና ዕፅዋት እንዴት እንደሚተሳሰሩ መረመሩ።

በ1937 ወደ ናንጋ ፓርባት ከተጓዘው የጀርመን ቡድን ጋር ወደ ሒማላያ ሄዱ። ተራራ ወጪዎቹ ወደ ጫፉ ሲያመሩ፣ ትሮል በግርጌው ዕፅዋትን እየዞሩ ይመዘግቡ ነበር። በጁን ወር በሌሊት የወረደ የበረዶ ናዳ 7 ጀርመናውያንንና 9 ሼርፓዎችን ገደለ። ከዚያ ጉዞ የተገኘው የዕፅዋት ካርታ በ1939 በ1፡50,000 መስፈርት ታተመ። መሠረቱ ሪቻርድ ፊንስተርቫልደር በ1934 ከምድር ላይ ባነሧቸው ፎቶግራፎች ለክተው የሠሩት ካርታ ሲሆን፣ ዕፅዋቱን የሞላው ግን የትሮል እግርና ዐይን ነው።

በዚያው በ1939 ስለ አየር ፎቶግራፍ ያወጡት ጽሑፍ ስማቸውን ይበልጥ አስጠራው። የደን ባለሙያው በፎቶግራፉ ላይ ዛፍን፣ የአፈር ተመራማሪው አፈርን፣ የጥንት ታሪክ አጥኚው የፈረሰ መንደርን ይፈልጋል። ትሮል ግን ዕፅዋቱ ከሥሩ ላለው አፈርና ውኃ ምልክት መሆኑን አስተዋሉ፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያነቡት አንዱን መልክዐ ምድር ነው አሉ። ይህንንም ጥናት የመልክዐ ምድር ኢኮሎጂ ብለው ሰየሙት። ያ ዓመት ጦርነት የፈነዳበትና ከአየር የሚነሣው ፎቶግራፍ ከሁሉ አስቀድሞ ለጦር ዒላማ የተፈለገበት ዓመት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ ኤርድኩንደ የተባለውን መጽሔት መሠረቱ፤ በዚያም ከ1933 እስከ 1945 የነበረውን የጀርመን ጂኦግራፊ በሂስ መረመሩ። ከ1960 እስከ 1964 የዓለም አቀፉ የጂኦግራፊ ኅብረት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1970 ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ የተፈጥሮ አከፋፈል ያዘጋጁትን ጥናት በዚሁ መጽሔት አሳተሙ። በ1975 በቦን ዐረፉ።

ዛሬ ምስሉ ከሳተላይት ይመጣል። ሆኖም የፓርክ ወሰን ሲከለል፣ በምስሉ ላይ ጠቆር ያለው ቦታ ደን ይሁን የገደል ጥላ፣ ባለሙያው ቦታው ድረስ ሄዶ ካላረጋገጠ፣ ስሕተቱ ከካርታው ወደ ሕጉ፣ ከሕጉም ወደ መሬቱ ይሸጋገራል። የትሮል ሕይወት የሚያሳስበን ይህንኑ ነው።