በአንድ ሞተር ብስክሌት ላይ ያለፈ ዕድሜ፦ በርት ሞንሮ

ከኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ኢንቨርካርጊል የምትባል ከተማ አለች። በኋላ ዓለም በርት ሞንሮ ብሎ ያወቀው ኸርበርት ጀምስ ሞንሮ እ.አ.አ በ1899 በዚህች ከተማ ተወለደ። መንትያ እኅቱ ስትወለድ ሞተች። ልጅነቱን ያሳለፈው ከኢንቨርካርጊል በስተምሥራቅ በምትገኘው በኤደንዴል፣ በቤተሰቡ እርሻ ላይ ነው። ገና ብላቴና ሳለ ከቤቱ ፈረሶች ፈጣኑን እየመረጠ በእርሻው ሜዳ ይጋልብ ነበር፤ አባቱ ቢቆጣውም አልተወም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ለመዝመት ጓጉቶ ነበር፤ ሳይሆንለት ቀርቶ አባቱ እርሻውን እስከ ሸጠበት እስከ 1919 ድረስ ከመሬቱ አልራቀም። ከዚያ በኋላ በኦቲራ የባቡር ዋሻ ሥራ ላይ ተቀጠረ፤ አባቱ ሌላ መሬት ሲገዛ ግን ተመልሶ ወደ እርሻ ተጠራ። የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት የገዛው በዚሁ ጊዜ ነው። ክላይኖ የሚባል የእንግሊዝ ሥሪት ሲሆን ከጎኑ ሰው የሚጫንበት ጋሪ ነበረው። ሞንሮ ጋሪውን ፈትቶ አስቀመጠና ሞተር ብስክሌቱን ለውድድር አዋለው። የሰውዬው ጠባይ ከዚህች ድርጊት ይታያል፤ ከፋብሪካ የመጣውን ዕቃ እንደ መጣ መያዝ አይሆንለትም ነበር።

በ1920 ኢንዲያን ስካውት የተባለውን አዲስ ሞተር ብስክሌት ገዛ። ስሙ እንዳያሳስት፣ ኢንዲያን የህንድ ሥሪት አይደለም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረ ፋብሪካ ምርት ነው፤ ስሙም ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነው። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ 600 ሲሲ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዘመኑም ቢሆን ከሁሉ የላቀ ፈጣን አልነበረም። ይሁን እንጂ ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ እንደ አንድ አካል ተያይዘው የተሠሩ ነበሩ፤ ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚያስተላልፈውም እንደ ብዙዎቹ ሰንሰለት ሳይሆን በዘይት ውስጥ የሚዞር ጥርስ ነበር። ሰንሰለት ይረዝማል፣ ይበጠሳል፤ ጥርስ ግን ብዙ ይታገሣል። ሞተር ብስክሌት አሻሽላለሁ ለሚል ሰው ዋናው ጥያቄ ዛሬ ምን ያህል ይሮጣል የሚለው ሳይሆን ነገ የሚጨመርበትን ኃይል አካሉ ይችለዋል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የሞንሮ ምርጫ የሚነቀፍ አይደለም።

አንድ ጉድለት ግን ነበረው። ፍሬኑ የኋላ ብቻ ነበር።

ሞንሮ ማሽኑን መነካካት የጀመረው በ1926 ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ በሙያ ተወዳዳሪነት ሠራ፤ የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲብስ ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመለሰ። ቀጥሎ ኑሮውን በሞተር ብስክሌት ሻጭነትና በመካኒክነት ገፋ። ቀን ለእንጀራው ይሠራል፣ ሌሊት ለኢንዲያኑ ይተጋል። ለውድድር የተሠሩ ዕቃዎችን የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ዕቃውን ራሱ ሠራው። ብረት አቅልጦ በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ እያፈሰሰ ፒስተን አወጣ። ሲሊንደሩንና ቮላኖውን በእጁ አበጀ። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘውን ቢየላ ከካተርፒላር ትራክተር አክስል ጠርቦ ሠራ፤ ለመለኪያነትም ከአሮጌ ጎማ የወጣ ሽቦ ተጠቀመ።

የትራክተር አክስል መምረጡ የድህነት ብቻ ውጤት አይደለም። የሞተር ዙር በእጥፍ ሲጨምር ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የፋብሪካው ቢየላ ለ89 ኪሎ ሜትር የታሰበ ነበር። የትራክተር አክስል ግን ከባድ ሸክም ችሎ እንዲኖር የተሠራ ጠንካራ ብረት ነው፤ የእርሻ ልጅም ይህን ያውቃል።

ከሁሉ የከበደው የቫልቮቹ ሥራ ነበር። በስካውት ሞተር ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን የቆሙ ናቸው። ይህ አሠራር ቀላልና ለጥገና የሚመች ቢሆንም ነዳጅና አየር ተጠማዝዘው ስለሚገቡ ሞተሩ እንደ ልብ አይተነፍስም። ሞንሮ ቫልቮቹን ከሲሊንደሩ በላይ አዛውሮ፣ ሁለት የነበሩትን ካሞች አራት አደረጋቸው። የሞተሩ መጠንም ከ600 ወደ 850፣ ከዚያ ወደ 920፣ በመጨረሻም ወደ 950 ሲሲ አደገ። በየመሐሉ ፒስተን ይቀልጣል፣ ቢየላ ይሰበራል፣ ሞተሩ ይፈነዳል። ሞንሮ የተበላሹትን ዕቃዎች አልጣላቸውም፤ በጋራዡ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች መሆናቸውን ጻፈባቸው።

መሥዋዕቱ ብረት ብቻ አልነበረም። ሞንሮ በ1927 አግብቶ አራት ልጆች ወልዷል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ግን ትዳሩ ፈረሰ፤ እርሱም መደበኛ ሥራውን ትቶ በጋራዥ ውስጥ መኖር ጀመረ። ስለ ሞንሮ የሚነገረው ታሪክ ይህን ገጽ በፍጥነት ማለፍ ይወዳል። ሆኖም ሌሊቱን ሁሉ ለብረት የሰጠ አባት ለቤቱ የቀረው ጊዜ ትንሽ እንደሚሆን ግልጽ ነው፤ የድሉ ዋጋ ሲቆጠር ይህም አብሮ መቆጠር አለበት።

ማሽኑን የሚፈትነው በኢንቨርካርጊል አቅራቢያ ባለው በኦሬቲ የባሕር ዳርቻ ነበር። ማዕበሉ ሲሸሽ አሸዋው ረጅምና ጠጣር ጎዳና ይሆናል። በ1938 የመጀመሪያውን የኒውዚላንድ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቬሎሴት የተባለ ሌላ ሞተር ብስክሌትም ነበረው፤ እርሱንም እንዲሁ አሻሻለው። አንዱ ሲሰበር ሌላው ይነዳል።

የልቡ ምኞት ግን በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ ነበር። የአፋርን የጨው ምድር ያየ ሰው መልኩን መገመት አያዳግተውም፤ እስከ አድማስ የሚዘረጋ፣ ዛፍም ድንጋይም የሌለበት ነጭ ሜዳ ነው። በዚያ ስፍራ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል፤ እርሱም አየር ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ89 ወደ 296 ኪሎ ሜትር ለመድረስ፣ ሌላው ሁሉ ባይለወጥ፣ ወደ 37 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ከ950 ሲሲ ሞተር ብቻ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ሞንሮ ማሽኑንም ራሱንም የሚሸፍን፣ እንደ ዓሣ የሾለ ልባስ አበጀና በውስጡ በደረቱ ተኝቶ ነዳ።

በ1962፣ የ63 ዓመት ሰው ሳለ፣ በ850 ሲሲ ሞተር በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ነድቶ በምድቡ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። የልብ ሕመም አስቀድሞ ጀምሮት ነበር። በ1966 በ920 ሲሲ ሌላ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ በ950 ሲሲ ሞተር ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ ዛሬም ድረስ ያልተሰበረውን ውጤት አስመዘገበ። ለማጣሪያ ባደረገው የአንድ አቅጣጫ ሩጫ ከ305 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። ክብረ ወሰን የሚጸድቀው ግን በሄደበት መንገድ ተመልሶ ከነዳ በኋላ የሁለቱ አማካይ ተሰልቶ ነው፤ ነፋስ ከኋላ ገፍቶት እንዳይሆን ማለት ነው።

አድናቂዎቹ ሊረሱት የማይገባ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ፍጥነት የተሞከረው ሰው በሌለበት ሜዳና በባሕር ዳርቻ ነው። ከ1920 የወረሰው ፍሬን በዚያ ፍጥነት ላይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ያዳነው የሜዳው ስፋት ነው። ሞተሩን ብቻ አጠንክሮ ፍሬኑን እንዳለ በመተው በከተማ አስፋልት ላይ መውጣት ሌላ ነገር ነው። ለመንገድ የሚታሰብ ማሻሻያ ከፍሬንና ከጎማ ይጀምራል፤ ለሜዳ የታሰበው የሞንሮ ማሽን የመንገድ አርአያ ሊሆን አይችልም።

በ1977 ሞንሮ ስትሮክ መታው። አካሉ እንደ ቀድሞው እንደማይታዘዘው ባወቀ ጊዜ፣ ኢንዲያኑና ቬሎሴቱ ከአገሩ እንዳይወጡ ሽቶ ለኢንቨርካርጊሉ ነጋዴ ለኖርማን ሄይስ ሸጣቸው። በጃንዋሪ 1978፣ በ78 ዓመቱ አረፈ። በ2005 አንቶኒ ሆፕኪንስ የተወነበት ፊልም ስሙን ሞተር ብስክሌት ነድቶ ለማያውቅ ሕዝብ ሁሉ አደረሰው።

ከሞተ ከ36 ዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ ልጁ የ1967ቱን ውጤት ሰነድ ሲያይ የአማካዩ ስሌት ስሕተት እንዳለበት አስተዋለ። የአሜሪካ የሞተር ብስክሌተኞች ማኅበርም ስሌቱን መርምሮ ክብረ ወሰኑን ከ295.45 ወደ 296.26 ኪሎ ሜትር አረመ። ማሽኑ ዛሬ በኢንቨርካርጊል በሄይስ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር፣ ከመዶሻና ከምስማር መደርደሪያዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቆሞ ይታያል።